ጀልባ ቁጥር ዘጠኝ

ኢኛሲዮ ይባላል፣ ከስፔን ነው የመጣ፣
ቅዳሜ ማለዳ ከጀልባዬ አይታጣ።
የውሃ መሐንዲስ፣ ቱቦ ነው እንጀራው፣
አሜሪካን ማማት የትርፍ ሰዓት ሥራው።

«ስማኝማ ሀሜሶ» ይላል ገና ሳንርቅ፣
ሞተሩን ሳልጎትት፣ ገመዱን ሳለቅቅ፣
«ገበታ አያውቁም፣ መኪና ውስጥ ጎርሰው፣
ቡናውን በባልዲ፣ በረዶ ከስክሰው።
ባንዲራ በደጁ፣ ሽጉጥ ከትራስ ሥር፣
ለአንድ ነፍስ መኪናው የሚያህል አንድ መንደር።
ይስቁልሃል ፈጥነው፣ ስምህን ሳይጠይቁ፣
ቢጠይቁም እንኳ መጥራቱን አያውቁ።
ካርታ ዘርግተህ ‹ስፔን የት ናት?› ስትል፣
ሜክሲኮ ላይ ሄዶ ጣታቸው ሲተከል!
ደግሞ አጯጯሃቸው!...»
                    ይህን ሲል ጮኾ ነው።
አባ ኮዳው ሁሉ ከሾላው ተነሥቶ፣
ዓሣ አጥማጁ ዞሮ አየን መረቡን ረስቶ።

ከአሞራ ገደል ዳር ዓሣ የሚልጡ
ልጆች ቢላ ጥለው ወደኛ እየሮጡ
«አሜሪካ! አሜሪካ!»
                    ቲማቲም ሆነ ፊቱ።
ብድግ አለ ቆሞ፣ ጀልባዬን እያናጋ፣
«ስፔን! ስፔን ነኝ!»
                    አንዱ ከውሃው ሲጠጋ፦
«ስፔን ደግሞ ከአሜሪካ የቱ ጋ?»

ጎንበስ ብዬ ሳቅሁ፣ ቤንዚን የምለካ መስዬ።
(እኔስ? የአዲስ አበባ ሰው ጀልባዬን ሲረግጥ፣
«ዋና የማይችል ጉረኛ» ብዬ ነው የማስቀምጥ።)

አንድ ቅዳሜ ግን ዳንጊሶ ቤንዚን አልቆ፣
ደንበኛውን ሰጠኝ ትከሻውን ነቅንቆ።
ዌንደል፣ አሜሪካዊ፤ ከሲታ፣ ዝምተኛ፣
ጥጉን ይዞ ተቀመጠ እንደ ለቀስተኛ።
ዳቦውን ከጋዜጣ ፈትቶ ለሦስት ቆረሰ፣
እሱ አኝኮ ሳይጨርስ ጀልባው ማህል ደረሰ።

ኢኛሲዮ ጨነቀው፤ ሐሜቱ እንደ እሾህ
ጉሮሮው ላይ ቀረ።
ዌንደል አፉን ጠርጎ፣ ቀስ ብሎ ጀመረ፦
«ከስፔን ነህ አይደል? በሬ ትወጋላችሁ።
ምሳ በልታችሁም አገር ምድሩ ይተኛል፤
ታድላችሁ» አለው፣ ከልቡ፣ ሳያሾፍ።

«በሬ ሲወጋ በዓይኔ አላየሁም! እንቅልፍም
ያለ ክኒን አይወስደኝ!»
                    ጉማሬ ብቅ አለ፣
ሦስታችንን ቃኝቶ ተመልሶ ጠለቀ።

ዝም ብለን ቆየን። ኋላ ሁለቱም ወደ እኔ፦
«አንተስ ሀሜሶ? መቼም የሯጭ አገር ሰው ነህ፣
በቀን ስንት ኪሎሜትር ነው የምትሮጠው?»
«አሥራ አምስት» አልኩ።
ለምን እንዳልኩ እንጃ። ጉርሻው ታይቶኝ ይሆናል።

ኢኛሲዮ ሁለት ዓመት ተቀምጬ ነው ያወቀኝ፣
ሲመጣ መሪ ላይ፣ ሲሄድም መሪ ላይ የሚያገኘኝ።
ያን ዕለት ስንመለስ ጀልባዋ ደለል ላይ ሞተች፣
ወርጄ ልገፋ ስል ግራ እግሬ ተጎተተች፣
በልጅነት በሽታ ያልጎለመሰች፣
እንደ እርጥብ ገመድ ከኋላዬ መጣች።

ማንም ምንም አላለ።
ዌንደል ጫማውን ፈታ፣ ኢኛሲዮ ሱሪውን ሰበሰበ፤
ገፋን፣ ሦስታችንም፣
በሦስት ቋንቋ እየተሳደብን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ «አሜሪካኖች እኮ...» ብሎ ጀመረ፣
ቆመ ትንሽ። «ዌንደልን አይጨምርም» አለና ቀጠለ።

እኔም ማታ ለዳንጊሶ፣ መረብ እያጣጠፍን፦
«ስፔኖች እኮ» አልኩት «ሲያወሩ ይጮኻሉ።»
«ስንት የስፔን ሰው ታውቃለህ?» አለኝ።

አንድ ጣቴን አወጣሁ።